የሰውነታችን ሐቅና የከሰዓት በኋላው በርጫ

ስለ ጤና ሲጻፍም ሆነ ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው አንድ በሽታና አንድ መድኃኒት ነው። ጨጓራውን የሚያመው የጨጓራ ኪኒን፣ ራሱን የሚያመው የራስ ምታት ኪኒን፣ እንቅልፍ ያጣ ደግሞ የእንቅልፍ ኪኒን ይጠይቃል። ሦስቱም ሕመሞች በአንድ ሰው ላይ ከአንድ ምክንያት ሊመጡ እንደሚችሉ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ ጤናን ከምንበላው፣ ከምንተኛው፣ ከምንሠራውና በልባችን ከያዝነው ሁሉ ጋር አያይዤ ለማየት እሞክራለሁ። ይህንንም የማደርገው በምኖርባት በመቻራ ከተማ፣ ሁላችሁም በምታውቁት በአንድ ቅጠል በኩል ነው።

መቻራ በምዕራብ ሐረርጌ የዳሮ ለቡ ወረዳ ከተማ ስትሆን፣ ከጭሮ (ብዙዎች ዛሬም አሰበ ተፈሪ ይሏታል) በበዴሳና በገለምሶ በኩል አልፎ ወደ ደቡብ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ይደረስባታል። የአካባቢው ቡና በሐረር ቡናነቱ በዓለም ገበያ የተከበረ ነው። የግብርና ምርምር ማዕከልም አለን። ነገር ግን ገበሬው ቡናውን በዓመት አንድ ጊዜ ሲለቅም፣ ጫቱን ውኃ ካገኘ በዓመት ደጋግሞ ይቆርጣል፤ ገንዘቡም በእጁ ላይ በዕለቱ ይቆጠራል። በዚህም ምክንያት በብዙ ማሳ ላይ ቡናው ተነቅሎ ጫት ተተክቶበታል። የልጆቻችን ደብተርና የቤታችን ቆርቆሮ ከምን እንደመጣ ስለማውቅ፣ ጫትን በአንድ ቀን ንቀሉት ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ገበሬውን ረስቶ ስለ ጫት የሚጽፍ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የጻፈው።

ወደ ጉዳዩ ልመለስ። የጥንት የሙስሊም ሐኪሞች ጤናን የሚያዩት ከበሽታ ተነስተው ሳይሆን ከዕለት ኑሮ ተነስተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1037 ያረፈው ኢብን ሲና በ«ቃኑን» መጽሐፉ፣ ከእርሱ በፊት ከነበሩት ከነጋለንና ከሑነይን ኢብን ኢስሐቅ የተወረሰውን ትምህርት አስፍቶ፣ ለማንኛውም ሰው የማይቀሩ ስድስት ነገሮችን ይዘረዝራል። እነርሱም የምንተነፍሰው አየር፣ ምግብና መጠጥ፣ የአካል እንቅስቃሴና ዕረፍት፣ እንቅልፍና ንቃት፣ ከሰውነት የሚወጣና በሰውነት የሚቀር ነገር፣ እንዲሁም የነፍስ ሁኔታ ማለትም ደስታ፣ ቁጣ፣ ሐዘንና ፍርሃት ናቸው። ከነዚህ አንዱ ሚዛኑን ሲስት ሌሎቹንም ይጎትታል። እኔ የሚገርመኝ ነገር ቢኖር፣ ጫት ከስድስቱ አንዱንም ሳይነካ የማያልፍ መሆኑ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሲጋራ ጭስ ጋር ሲቃም አየሩ እንኳ አይተርፍም።

ከሁሉ በፊት እንቅልፍን እንይ። በጫት ውስጥ የሚያነቃቃው ዋናው ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል፤ ማንነቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ነው። ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ካቲኖኑ ወደ ደካማው ወደ ካቲን ይለወጣል። ጫት በእርጥብ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚጫነውም፣ የጫት አይሱዙዎች መንገዱ ላይ እንደዚያ የሚበሩትም ለዚሁ ነው። (በአዲስ አበባ «አልቃይዳ» የሚል ስም ያወጡላቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የስንት እግረኛ ደም በእነርሱ እንደፈሰሰ አላህ ይወቀው።) እንግዲህ ሰው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በርጫ ተቀምጦ ለመግሪብ ቢነሳ፣ ቅጠሉ ቀስ በቀስ ስለሚታኘክ ንጥረ ነገሩ በደሙ ውስጥ ከፍ የሚለው ከጀመረ ከሁለት ሰዓት ያህል በኋላ ነው። ካቲኑ ደግሞ ግማሹ እንኳ ከደም እስኪወጣ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ሰውየው በዒሻ ሰዓት አፉን ተጉመጥምጦ ጨርሷል እንጂ ሰውነቱ ገና አልጨረሰም። ልቡ ይፈጥናል፣ የደም ግፊቱ ከፍ ይላል፣ ዓይኑ ጣሪያ ላይ ይቀራል። እንቅልፍ የሚመጣው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሱብሒ እንዴት ሊሰገድ ነው?

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከዒሻ በኋላ ያለ ጉዳይ ማውራትን እንደማይወዱ፣ ሌሊቱንም በመተኛትና በመቆም ይከፍሉት እንደነበር የታወቀ ነው። የቀትር ሸለብታ ማለትም ቀይሉላ የደጋጎች ልማድ ነበር። በእኛ አገር ግን የቀይሉላን ሰዓት በርጫ ወስዶታል። ጠዋት ሲነጋ ደግሞ ያልተኛው ሰው ድካሙን ለመግፈፍ ኢጃበና ይቅማል፤ ማታ ላጣው እንቅልፍ መድኃኒቱን የሚፈልገው እንቅልፉን ከወሰደበት ነገር ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ፦ «የምቅመው ለዒባዳ ነው» የሚል። ይህ መልስ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። በቡታጅራ አካባቢ ከ10 ሺህ በላይ አዋቂዎችን ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት፣ ግማሾቹ በጊዜው ቃሚዎች እንደነበሩና ከቃሚዎቹም 80 በመቶ ያህሉ ለጸሎት ሐሳባቸውን ለመሰብሰብ እንደሚቅሙ መናገራቸውን ያሳያል። ልማዱም የቆየ ነው፤ በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን የይፋቱ ሰብረዲን በያዘው አገር ጫት እተክላለሁ ብሎ መፎከሩ በንጉሡ ዜና መዋዕል ተጽፏል። ዓሊሞችም ተከራክረውበታል። በ974 ዓመተ ሂጅራ በመካ ያረፉት ኢማም ኢብን ሐጀር አል-ሀይተሚ ከየመን ጥያቄ ቀርቦላቸው ስለ ጫት ራሱን የቻለ ድርሳን ጽፈዋል። የሚቅሙት ሰዎች የሚሰጡት ምስክርነት እርስ በርሱ የሚጋጭ ሆኖ ስላገኙት በቁርጥ ሐራም ነው ከማለት ተቆጥበው፣ ሰው ቢርቀው የተሻለ መሆኑን መክረዋል። ፍርዱን ለዓሊሞች እተወዋለሁ። ይሁን እንጂ ለዒባዳ እቅማለሁ የሚል ወንድም አንድ ሒሳብ ራሱ ይሥራ፦ በዚህ ሳምንት ስንት ሱብሒ በጀማዓ ሰገደ? ዐስርስ በበርጫው መካከል በወቅቱ ተሰገደ ወይስ ምርቃናው እንዳይበላሽ ወደ መግሪብ ጠጋ ተደረገ? ሌሊቱን በዚክር ሊያድር የሚቅም አዛውንትና ቀኑን ሙሉ በወሬ ሊያሳልፍ የሚቅም ወጣት በአንድ ቃል «ለዒባዳ» ሊሉ አይገባም። ዐብዱላህ ቢን ዐምር (ረ.ዐ) ቀኑን በጾም፣ ሌሊቱን በሶላት ሲያሳልፉ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰውነታቸው፣ ዓይናቸውና ባለቤታቸው በእርሳቸው ላይ ሐቅ እንዳላቸው አስታውሰዋቸዋል። ይህ ማሳሰቢያ የተነገረው ለእውነተኛ ዒባዳ ነበር፤ ለበርጫማ ምን ሊባል ነው!

ሁለተኛው ምግብ ነው። ጫት ረሃብን ይደብቃል እንጂ አያጠግብም። የቃሚው እራት ወይ ይቀራል ወይ እኩለ ሌሊት ላይ ይበላል። በመካከሉ ሆዱ የሚገባው ኦቾሎኒ፣ ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ ነው፤ ጥርስ የሚያልቀው በቅጠሉ ብቻ ሳይሆን አፍ ደርቆ ሳለ ለሰዓታት በሚጠባው በዚህ ስኳር ጭምር ነው። በጫት ውስጥ ያለው ታኒን የተባለው ነገር ደግሞ ሆድን ያደርቃል። (ኢብን ሲና ከሰውነት ስለሚወጣ ነገር ምዕራፍ መስጠቱ ለምን እንደሆነ ቃሚዎች ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ስለዚህ አልፈዋለሁ።) የሚያሳዝነው ይህ ሁሉ የሚሆነው የማሽላና የበቆሎ፣ የወተትና የማር አገር በሆነው በሐረርጌ መሆኑ ነው። እናቶቻችን ከቡና ገለባና ከወተት የሚያፈሉት ሆጃ፣ በቅቤ የሚቀርበው ማርቃ ለአንድ ለሚሠራ ሰው ምን ጎደለው? ነገር ግን ባልየው ሳይርበው ሲቀር ቤቱም ማብሰል ይቀንሳል። አባት ያልበላበት ማዕድ ለልጆችም ይቀጥናል፤ ይህን በጎረቤቶቼ ቤት ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከቃመች ጉዳዩ ይብሳል፤ የሚቅሙ እናቶች ልጆች በአነስተኛ ክብደት እንደሚወለዱ ተጠንቷል፣ ካቲንም በጡት ወተት ውስጥ ተገኝቷል።

ቅጠሉ ላይ ያለው ነገርም አለ። ተባይ የሚያበላሸውን ለጋ ቀንበጥ ለማዳን ገበሬዎች መድኃኒት ይረጫሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ከእኛው ከምዕራብ ሐረርጌ በተወሰዱ የጫት ናሙናዎች ላይ የዲዲቲ ዓይነት ቅሪቶችን አግኝቷል። ዲዲቲ በስቶክሆልም ስምምነት መሠረት ወባ አስተላላፊ ትንኝን ለመከላከል ካልሆነ በቀር እንዳይረጭ የተከለከለ ነው። በስብ ውስጥ የሚሟሟና በሰውነት ስብ ውስጥ ለዓመታት የሚቀመጥ ስለሆነ በውኃ ማለቅለቅ ሙሉ በሙሉ አያስወግደውም። ከዚህ ለብቻው ደግሞ በሐረር በሚገኙ ሆስፒታሎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ያለባቸውን ከሌላቸው ጋር አነጻጽሮ፣ የሚቃመው ጫት በጨመረ ቁጥር የበሽታው አደጋም እንደሚጨምር አመልክቷል። በየመን እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ተመሳሳይ ጥናት ደግሞ ጫትን ከድንገተኛ የልብ ሕመም ጋር አያይዞታል። አስተውሉ፣ ስለ አንድ እፍኝ ሳይሆን ስለ ብዙ ዓመትና ስለ ብዙ ጥቅል ነው የሚናገሩት።

ስለ ነፍስ ሁኔታ ብዙ ሰው መናገር አይወድም። በምርቃና ሰዓት ያልተሠራ ሕንፃ፣ ያልተከፈተ ሱቅ የለም። ከዚያ ዝምታው ይመጣል፤ ሰውየው ከልጆቹ ጫጫታ ይሸሻል፣ በትንሽ ነገር ይቆጣል። ሳይቅም ያደረ እንደሆነ ሐራራው ቀን፣ ዱካኩ ሌሊት ያሰቃየዋል። ምርቃናውን ለመስበር ወደ አልኮል የሚሄድ፣ ጨብሲ የሚሉትን የለመደ ወጣትም በከተሞቻችን አለ፤ በዚህኛው ሐራምነት ማንም አይከራከርም። በቤተሰቡ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው በተለይ ሊርቀው ይገባል፤ ብዙ መቃም ያልሆነ ድምፅ ከመስማትና ሰውን ያለ ምክንያት ከመጠርጠር ጋር እንደሚያያዝ ሐኪሞች ያውቃሉ። እንዲህ ያለውን ሰው ጂን ነው ብለን ሩቃ ስናደርግለት ቁርኣኑ ይቅር አልልም፤ ነገር ግን ቁርኣን እየተቀራበት ማታ ማታ እየቃመ የሚድን ያለ አይመስለኝም።

ታዲያ ምን ይደረግ? በአንድ ጊዜ ማቆም የቻለ አልሐምዱሊላህ። ለብዙ ዓመት በየቀኑ የቃመ ሰው ሲያቆም ለጥቂት ቀናት መጫጫን፣ ብዙ እንቅልፍ፣ መጥፎ ሕልምና የመንፈስ መውደቅ እንደሚያጋጥመው አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቅመዋል፤ የሚያልፍ ነው። ያልቻለ ከቀኖቹ ይቀንስ። የሰኞና የሐሙስ ጾም ለዚህ የተመቸ ነው፣ ማታውን ካላካካሰበት በስተቀር። ከዚያ ሰዓቱን ያሳጥር፤ ዐስር ሲባል የተነሳና መግሪብ ላይ የተነሳ ሰው በእንቅልፍ እኩል አይሆኑም። ምሳውን ሳይበላ አይቀመጥ፣ ከለስላሳ ይልቅ ውኃ ይጠጣ፣ መስኮት ይክፈት፣ መስጊድ በእግሩ ይሂድ። የእንቅልፍ ኪኒን ከጫት ጋር መደራረብ ግን ከሁሉ የከፋ መንገድ ነው። የሌሊት ሹፌሮች ቅጠሉ ድካምን የሚያስረሳ እንጂ የሚያስወግድ አለመሆኑን ቢያስቡ መልካም ነው።

በረመዳን ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። በርጫው ከተራዊሕ በኋላ ተጀምሮ እስከ ሰሑር ይዘልቃል፣ ቀኑ በእንቅልፍ ያልቃል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ኪኒኑን በሰሑር ውጦ በዚያው ሌሊት መቃሙ መድኃኒቱንና ቅጠሉን እርስ በርስ ማዋጋት ነው። ግፊት አለብኝ ብሎ የሚጠረጥር አንባቢ ሐኪም ጋ ሲሄድ መቃሙን አይደብቅ፤ በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ አንድ ጊዜ ጠዋት ሳይቅም፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከበርጫ እንደተነሳ ግፊቱን አስለክቶ ሁለቱን ቁጥሮች ከነሰዓታቸው በወረቀት ላይ ጽፎ ቢያሳየው፣ ሐኪሙ መድኃኒት ከመጨመሩ በፊት የሚያየው ነገር ያገኛል።