የክረምት እጅ በመስቀል ይታያል

ልጆች ሆይ፤ መስከረም 16 ቀን ከሰዓት በኋላ በአዲስ አበባ ወደ መስቀል አደባባይ የወጣ ሰው ምን ያያል? በመካከሉ ደመራው ቆሟል፤ በላዩም አደይ አበባ ታስሯል። ካህናቱ በልብሰ ተክህኖ፥ መዘምራኑም በነጭ ልብስ ሆነው ይዘምራሉ። እንደ ደረጃ ሽቅብ በተሠራው መቀመጫ ላይ ደግሞ ሕዝቡ ነጠላውን አጣፍቶ ተቀምጧል። ያ ሁሉ ነጭ ልብስ ከሩቅ ሲያዩት በኰረብታ ላይ የተዘረጋ አንድ ትልቅ ሸማ ይመስላል።

የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ይህን በዓል በ2006 ዓ.ም. በዓለም የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ጽፎታል። ስለዚህ ከሩቅ አገር ሳይቀር ብዙ ሰው ሊያየው ይመጣል። ነገር ግን የመጣው ሰው ሁሉ ደመራውን ይመለከታል እንጂ፥ «ይህን ነጭ ልብስ የፈተለው ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኛ ዛሬ ይህን እንጠይቅ። መልሱ የሚገኘው በአደባባዩ ላይ አይደለም፤ በክረምት በየቤቱ ምድጃ አጠገብ ነው።

ክረምት በቤት ውስጥ

በአውሮፓ ክረምት ማለት በታኅሣሥና በጥር በረዶ የሚወርድበት ጊዜ ነው። በዚያ ወራት የዚያ አገር ሰዎች በእሳት አጠገብ ተቀምጠው ከበግ ፀጉር ሹራብና የእግር ሹራብ መሥራት ልማዳቸው ነበረ። የእኛ ክረምት ግን የዝናብ ወራት ነው። በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ከሰኔ 26 ቀን ጀምሮ እስከ መስከረም 25 ቀን ድረስ ይቈጠራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላት የደጋ ከተማ ናት፤ ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ በደመና ስትሸፈን ብርዱ ይበረታል። መንገዱ ጭቃ ይሆናል፤ ትምህርት ቤትም ስለሚዘጋ ልጆች በቤት ይውላሉ።

ሰነፍ ሰው ክረምትን የእንቅልፍ ወራት ያደርገዋል። ትጉህ ሰው ግን በደጅ ሊሠራ ያልቻለውን በቤት ይሠራል። አንዷ ጥጥ ትፈትላለች፤ ሌላዋ የተቀደደ ልብስ ትጥፋለች፤ ሌላዋም ስንደዶና አክርማ ይዛ በወስፌ ሰፌድ ትሰፋለች። በምድጃው ላይ ንፍሮ ይበስላል፤ በምጣዱ ቆሎ ይቈላል፤ የበቆሎ እሸትም በፍም ላይ ይጠበሳል።

ባልትና የምታውቅ ሴት ለዚህ ወራት አስቀድማ ታስባለች። በርበሬዋን በበጋ ፀሐይ ታሰጣለች፤ ሽሮዋንም አስፈጭታ በደረቅ ዕቃ ታኖራለች። ዝናብ ከጀመረ በኋላ የተሰጣ በርበሬ አይደርቅም፤ እርጥብ ሆኖ የተቀመጠም ይሻግታል። እንጨቱንም ከዝናብ ታስጠጋለች፤ እርጥብ እንጨት ብዙ ጭስ እንጂ ብዙ ሙቀት አይሰጥምና።

ጥጥ ነጠላ እስኪሆን

ጥጥ በቆላ የሚበቅል ተክል ነው። ከእርሻ ሲለቀም ፍሬው በውስጡ አለ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ፍሬውን መለየት ነው፤ ይኸውም ጥጡን በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አድርጎ በቀጭን ብረት መዳመጥ ነው። ብረቱም መዳመጫ ይባላል። ሁለተኛ፥ የተዳመጠው ጥጥ በደጋን ይነደፋል። የደጋኑ ገመድ ሲርገበገብ ጥጡ ይፍታታል፥ እንደ ደመናም ይነፋል፤ ያን ጊዜ ስሙ ባዘቶ ነው። ሦስተኛ፥ ባዘቶው ተድቦልቡሎ አመልማሎ ይሆናል። አራተኛ፥ ፈታይዋ አመልማሎውን በአንድ እጅዋ ይዛ፥ እንዝርቱን በጭንዋ ላይ አሽከርክራ ትለቀዋለች። እንዝርቱም ሲዞር ጥጡ እየከረረ ፈትል ይሆናል።

ፈትል ሁለት ዓይነት ነው፤ ድርና ማግ ይባላል። ድር በሸማኔው ዕቃ ላይ በቁመት የሚወጠረው ነው፤ ስለሚጎተትም ጠንክሮ መክረር አለበት። ማግ ግን በድሩ መካከል በአግድም የሚገባው ነው፤ እርሱ ለስለስ ይላል። አንዱ ድር ብቻውን በልጅ እጅ ይበጠሳል፤ ብዙው ሲያብር ግን ብርቱ ነው። ስለዚህ አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» አሉ።

ፈትሉ ሲበቃ ለሸማኔ ይሰጣል። በአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ያለው ሽሮ ሜዳ በሸማኔዎቹ የታወቀ ነው፤ ብዙዎቹም ከጋሞ ደጋ፥ ከእነ ዶርዜ አገር፥ የመጡና የልጆቻቸው ልጆች ናቸው። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አግብቶ ይቀመጣል። በእግሩ ድሩን ይከፍታል፤ በእጁ መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ ይልካል፤ በጠርዙም ጥለት ያገባል። ዛሬ ብዙው ክር ከፋብሪካ ይመጣል፤ ቢሆንም በእጅ የተፈተለው አሁንም አልቀረም።

ልብስ ስለ ምን ያሞቃል?

ልብስ እሳት አይደለም፤ ከራሱ ሙቀት አያወጣም። የሚያሞቀን የገዛ ሰውነታችን ሙቀት ነው። በልብሱ ክሮች መካከልና በእጥፎቹ መካከል አየር አለ፤ ያ አየር በዚያ ስለሚቆይ ሙቀታችን ፈጥኖ እንዳይወጣ ይከለክላል። ነጠላ ስስ ነው፤ ጋቢ ግን አራት እጥፍ ስለ ሆነ ብዙ አየር ይይዛል፥ ስለዚህ ይበልጥ ያሞቃል። የጥጥ ልብስ በዝናብ የራሰ እንደ ሆነ ግን የአየሩን ስፍራ ውኃ ይይዘዋል፤ ያን ጊዜ ልብሱ ራሱ ያበርዳል። የበግ ፀጉር ቢረጥብም ከጥጥ ይሻላል። በመንዝ ብርዳም አገር ባናና በርኖስ ከበግ ፀጉር መሠራቱ ስለዚህ ነው።

አሁን ይህን ነገር በገዛ ሥጋዬ እንዴት እንደ ተማርሁት ልንገራችሁ።

ቀይ እጅጌ ያለው ሹራብ

በ1985 ዓ.ም. ክረምት የ10 ዓመት ልጅ ነበርሁ። ቤታችን ከካዛንችስ ወደ መስቀል አደባባይ ሲወርዱ ከመንገዱ አጠገብ ነበረ። አደባባዩ ከ1967 ዓ.ም. በኋላ አብዮት አደባባይ ይባል ነበር፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ግን የቀድሞ ስሙ ተመለሰለት። አባቴ በሕይወት አልነበረም። እናቴ ቀን የሰው ልብስ እያጠበች፥ ማታ እየፈተለች ታሳድገኝ ነበር። የነበራት አንድ ነጠላ በትከሻው በኩል ሳስቶ ስለ ነበረ፥ በዚያ ክረምት የምትፈትለውን ሁሉ ለመስቀል አዲስ ነጠላ ልታሠራበት በቅርጫት ታኖረው ነበር።

እኔም ሹራብ አልነበረኝም። እናቴ ከበግ ፀጉር የተሠራውን የአባቴን አሮጌ ግራጫ ሹራብ ተረተረችው፤ ክሩንም አጥባ ጠቀለለችው። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ፈትልዋን እየተወች በእኔ ልክ ትሠራው ጀመር። ግራጫው ክር ለእጅጌው ስላልበቃ ከክርን በታች ያለውን በቀይ ክር ጨረሰችው። በሰጠችኝም ጊዜ፥ «ልጄ፥ ልበሰው፤ የአባትህ ነው» አለችኝ።

በሐምሌ አንድ ቀን ሽንኩርትና ጨው እንድገዛ ወደ ጉሊት ላከችኝ። በመንገድ ላይ እኩዮቼ አገኙኝና፥ «አንተ፥ እጅጌህን ከማን ተዋስኸው?» ብለው ሳቁብኝ። እኔም አፈርሁ። ጥግ ስይዝ ሹራቡን አወለቅሁና በአንድ አጥር ሥር ሸጐጥሁት። ጥቂት ሳይቈይ ዝናቡ ከነበረዶው መጣ። በስስ የጥጥ ሸሚዝ ብቻ ሆኜ ራስሁ፤ ስመለስም ሹራቡ ጭቃ ውጦት አገኘሁት።

እናቴ ምንም አልጠየቀችኝም። ልብሴን አወለቀች፤ ሰውነቴን አደረቀች፤ በጋቢ ጠቅልላ ትኩስ አጥሚት አጠጣችኝ። በዚያች ሌሊት ግን ትኩሳት ያዘኝ። በሦስተኛው ቀን ደረቴን ወጋኝ፥ መተንፈስም አቃተኝ። ሐኪም ቤት አዝላ ወሰደችኝ፤ የሳንባ ምች ነው ተባለ። መድኃኒቱ የሚገዛ ነበር፤ በቤታችን ግን ገንዘብ አልነበረም።

በማግስቱ ከመኝታዬ ቀና ብል ቅርጫቱ ባዶ ሆኖ አየሁት። «እማዬ፥ ፈትልሽ የት ሄደ?» አልኋት።

እርስዋም መድኃኒቱን በማንኪያ እየሰጠችኝ፥ «ፈትል እንደ ገና ይፈተላል፥ ልጄ፤ አንተ ግን እንደ ገና አትፈተልም» አለችኝ።

በነሐሴ ዳንሁ። መስከረም 16 ቀንም ከእናቴ ጋር ወደ መስቀል አደባባይ ወረድን። እኔ ግራጫውን ሹራብ ለብሼ ነበር፤ እናቴ ጭቃውን አጥባ ከምድጃው በላይ ስላደረቀችው ጭስ ጭስ ይሸት ነበር። እርስዋ አሮጌውን ነጠላ አጣፍታ ከፊቴ ተቀመጠች። ከሩቅ ለሚያያት ከሌሎቹ አትለይም ነበር፤ ነጭ ከነጭ ጋር ነበረች። እኔ ግን ከኋላዋ ሆኜ በትከሻዋ ላይ ጣፊውን አየሁት። በነጭ ክር፥ በጠባብ በጠባብ ስፌት፥ ተጠንቅቃ ጥፋዋለች። ደመራው እስኪለኰስ ድረስ ስፌቱን እቈጥር ነበር። ሕዝቡ እልል ባለ ጊዜ ቀይ እጅጌዬን ሰዎች ሁሉ እንዲያዩት እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ አጨበጨብሁ።

በዚያ ማታ ወደ ቤት ስንመለስ ሹራቡን የሸጐጥሁበትን ነገርኋት። «አውቄአለሁ» ብላ እጄን ያዘች እንጂ ሌላ አልተናገረችም።

በሚመጣው ክረምት ጥጡን የምዳምጥላት እኔ ሆንሁ። ቁልፍ መትከልንም፥ እራፊ መጣፍንም፥ ሽሮ ማማሰልንም ተማርሁ። እርስዋም ጊዜ ስላገኘች ብዙ ፈተለች። በመስከረም 1987 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ አዲስ ነጠላ ለበሰች፤ ከፈትሉ ጥጥ ፍሬውን የለየሁት እኔ ነበርሁ።

ምክር

ልጆች ሆይ፤ የተጣፈ ልብስ ነውር አይደለም። መጣፍ እየተቻለ ተቀዶ የሚለበስ ልብስ ግን የስንፍና ምልክት ነው። በሰው ልብስ ላይ የሚስቅ ልጅ በልብሱ ብቻ አይስቅም፤ ሌሊት ነቅታ በሠራችው እጅ ላይ ይስቃል። ሲስቁበት የሚያፍር ልጅም ያችን እጅ ይክዳል። እኔ ሁለተኛውን በደል ስለ ሠራሁ ለእናንተ ጻፍሁላችሁ።

ከእናንተም «መርፌ የሴት ልጅ ነው» የሚል ወንድ ልጅ ቢኖር፥ ሸማኔው ወንድ መሆኑን፥ በገበያ በስፌት መኪና ተቀምጦ ሱሪ የሚሰፋውም ብዙ ጊዜ ወንድ መሆኑን ያስብ። እጅ ወንድና ሴት ሳይል ሥራ ይለምዳል። እንግዲህ በዚህ ክረምት እያንዳንዳችሁ አንድ ሥራ ተማሩ፤ አንዱ ቁልፍ ይትከል፤ አንዷ ትፍተል፤ አንዱ እጁን ታጥቦ ንፍሮ ይቀቅል። በመስቀልም ወደ አደባባዩ በወጣችሁ ጊዜ ያን ሁሉ ነጭ ልብስ ስታዩ፥ በስተ ኋላው ያለውን ምድጃና የማይታየውን እጅ አስቡ።

ጥያቄ

1. የእኛ ክረምት ከአውሮፓ ክረምት በምን ይለያል?
2. ጥጥ ፈትል እስኪሆን ድረስ የሚሠሩትን አራት ሥራዎች በተራ ተናገሩ።
3. ድርና ማግ በምን ይለያያሉ?
4. ጋቢ ከነጠላ ይበልጥ የሚያሞቀው ስለ ምንድር ነው?
5. እናቲቱ «አንተ ግን እንደ ገና አትፈተልም» ያለችው ምን ለማለት ነው?
6. በቤታችሁ በእጅ የተሠራ አንድ ልብስ ወይም ዕቃ ፈልጉ፤ የሠራውን ሰው ጠይቃችሁ ስንት ቀን እንደ ፈጀ ጻፉ።