የየቲሙ እናትም አደራ ናት



በሸሪዓችን የቲም ማለት ለአቅመ አዳም ሳይደርስ አባቱን ያጣ ልጅ ነው። ስለዚህም ከየቲሙ ጀርባ ብዙ ጊዜ አንዲት እናት አለች። ልጁ የአእምሮ እድገት ውስንነት ካለበት ደግሞ ሸክሟ ድርብ ይሆናል። ታጥበዋለች፣ ታጎርሰዋለች፣ እንዳይጠፋባት ትጠብቀዋለች፤ ገበያ መውጣትም ሆነ ለቅሶ መድረስ ይሳናታል። ጎረቤት «እርግማን ነው» ሲል ልጇን ከሰው ዓይን ትሸሽጋለች።

ልጁ ግን የማንም ኃጢአት ቅጣት አይደለም። በእስልምና አንዱ የሌላውን ኃጢአት አይሸከምም፤ ማገናዘብ የማይችል ሰውም ሙከለፍ አይደለም። የእናቲቱ እንቅልፍ ማጣት፣ ልቅሶና ተስፋ መቁረጥ ሲሰነብትም የኢማን ጉድለት ተብሎ አይታለፍም፤ ሕክምና የሚሻ ሕመም ሊሆን ይችላል። የነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) እናት ልጇን ለወንዝ በሰጠች ጊዜ ልቧ ባዶ እንደሆነ ቁርኣን ይነግረናል፤ አላህም (ሱ.ወ) ልቧን አጸናላት።

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ከደባርቅ ወይም ከዳባት ለምትመጣ እናት ግን መሳፈሪያ፣ ማደሪያና ልጁን የሚይዝላት ሰው ያስፈልጋታል። በአዲስ አበባ የኦቲዝም ልጅ እናት የነበሩት ወ/ሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሥርተው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉ ድረስ ለእንዲህ ያሉ ልጆችና ቤተሰቦች ደክመዋል። ልጅ ቀን የሚውልበት ስፍራ ሲያገኝ እናትም ትተነፍሳለች።

ሌሊት የሚያነቃት ጥያቄ ግን «እኔ ስሞት ማን ይይዘዋል?» የሚለው ነው። የቲምነት ለአቅመ አዳም በመድረስ ያበቃል። የየቲም ንብረት የሚመለስለት ግን ለአቅመ አዳም ደርሶ ማስተዋሉ (ሩሽድ) ሲረጋገጥ መሆኑን ዑለማዎች አስተምረዋል፤ አእምሮው ያልበሰለው በሞግዚት ሥር ይቆያል። ታዲያ ንብረቱን እንኳ የማይረከብን ልጅ «ዕድሜው ደርሷል» ብለን ድጋፉን ብናቋርጥ ለማን እንተወዋለን?

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ከፋይ የሆነ ሁሉ ድጋፉን በዕድሜ አይገድብ፤ ዘመድ የሆነ እናቲቱ በሕይወት ሳለች ወደፊት ልጁን የሚረከበውን ሰው ከእርሷ ጋር ተማክሮ ይወስን፤ ጎረቤት የሆነ በሳምንት አንድ ከሰዓት ልጁን ይያዝላትና ትረፍ።

አላህ የእናቶችን ልብ ያጽና፤ ሶደቃችንንም ይቀበለን። አሚን።