የሕክምና መመርመሪያ ዕቃ ከማስመጣት በፊት ስለ ሙከራው መጠየቅ ይገባል

ጨርቅ የሚያስመጣ ነጋዴ የዕቃውን ደግነት በእጁ ዳስሶ፣ ቡና የሚልክም ቀምሶ ያውቃል። በሽታን ለመመርመር የተሠራ ዕቃ ግን ቢያዩትም ቢዳስሱትም ምስጢሩን አይገልጥም። ብቃቱ የሚታወቀው በሰዎች መካከል በተደረገ ክሊኒካዊ ሙከራ ነው። ስለዚህ የዚህ ንግድ ባለቤት የሆነ ሁሉ ሙከራው እንዴት እንደሚካሄድ በመጠኑ ሊያውቅ ይገባዋል።

አንደኛ፤ ሙከራው ከመጀመሩ በፊት ዕቅዱ በጽሑፍ ይዘጋጃል። ዕቃው ለማን፣ የት፣ በምን ዓይነት ባለሙያ እጅ እንደሚሠራ፣ ስንት ሰዎችም እንደሚመረመሩ አስቀድሞ ይወሰናል። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይመረምረዋል፤ ተመርማሪዎቹም ነገሩ ተገልጦላቸው ፈቃዳቸውን ይሰጣሉ።

ሁለተኛ፤ እያንዳንዱ ሰው በአዲሱ ዕቃና አስቀድሞ በታመነበት ዘዴ ይመረመራል። አንዱን ውጤት የሚያነበው ሰው የሌላውን ውጤት ማወቅ የለበትም፤ ካወቀ ሚዛኑ ይዛባልና።

ሦስተኛ፤ ሁለት ቁጥሮች ይወጣሉ፤ ይኸውም ከበሽተኞቹ ስንቱን እንዳገኘ፣ ከጤነኞቹም ስንቱን ነጻ እንዳለ ነው። አንደኛውን ብቻ የሚያሳይ ሻጭ ግማሹን ነገር ደብቋል።

ይሁን እንጂ ቁጥሩ ያማረ ቢሆን እንኳ የት አገር እንደ ተገኘ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለዚህ የወባ ፈጣን መመርመሪያ ጥሩ ምሳሌ ነው። ፋልሲፓረም የተባለውን ወባ ከሚለዩት መመርመሪያዎች አብዛኞቹ የሚፈልጉት ተውሳኩ በደም ውስጥ የሚተወውን ኤች.አር.ፒ.2 የተባለ ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ይህን ፕሮቲን የሚያስገኘው ዘረመል የሌላቸው ተውሳኮች በፔሩ መገኘታቸው ታወቀ። በኋላም በኤርትራ ስለ ተገኙ አገሪቱ በ2016 መመርመሪያዋን ለወጠች። በ2017 እና በ2018 በኢትዮጵያ፣ ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን ጋር በሚዋሰኑ ወረዳዎች 12,572 ሰዎች ተጠኑ። በ2021 በታተመው ውጤት መሠረት ፋልሲፓረም ከያዛቸው ሰዎች ከመቶ 9.7 ያህሉ በዚህ ምክንያት በሐሰት «ወባ የለባችሁም» ሊባሉ እንደሚችሉ ተገመተ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ መጠን ከመቶ 5 ሲያልፍ መመርመሪያው እንዲለወጥ ይመክራል። እንዲህ ሲሆን ጥፋቱ የፋብሪካው ሥራ መበላሸት አይደለም፤ በአንድ ስፍራ የተፈተነው ዕቃ በሌላ ስፍራ ሌላ ዓይነት ተውሳክ ስለሚያጋጥመው ነው። በሐሰት ነጻ የተባለው በሽተኛ ግን ያለ መድኃኒት ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሕይወቱንም ሊያጣ ይችላል።

እንግዲህ አስመጪ ውል ከመፈረሙ በፊት ፋብሪካውን እነዚህን ይጠይቅ፦ ሙከራው የት አገርና በማን ላይ ተደረገ? ከየትኛው ዘዴ ጋር ተነጻጸረ? ሁለቱም ቁጥሮች ስንት ናቸው? ጥናቱስ ለመመርመሪያዎች በ2019 የወጣውን የአይ.ኤስ.ኦ. 20916 ደረጃ፣ ለሌሎች የሕክምና መሣሪያዎችም የአይ.ኤስ.ኦ. 14155ን ደረጃ ተከትሏል?

ባለ መደብሩም ድርሻ አለው። በሙከራ የተመሰከረለት ዕቃ በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው የሙቀት ልክ በላይ በጋለ መጋዘን ከተቀመጠ፣ ያ ሁሉ ምስክርነት ከንቱ ሊሆን ይችላል።