ከዕቁቡ በፊት ዋናው ዲግሪ


ልደታ ኮንዶሚኒየም ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። በሲቪል ምህንድስና ከተመረቅሁ አራት ዓመት ሆነኝ፤ ለአንድ ሥራ ተቋራጭ ሳይት ላይ እሠራለሁ። ማስተርስ መማር እፈልጋለሁ፤ የማታው ክፍያ ግን ከአቅሜ በላይ ነው። የዩኒቨርሲቲውን ወጪ መጋራት አልከፈልኩም። ለእህቴ ሠርግ ከቁጠባና ብድር ማኅበር የወሰድኩት ከደሞዜ ይቆረጣል፤ ወር መጨረሻ ላይ ቴሌብር መላም እየነካካሁ ነው። ለመመዝገቢያ ትንሽ ገንዘብ ይዣለሁ። እናቴ “ዕቁብ ሲወጣልኝ እከፍልልሻለሁ” ትላለች፤ ወንድሜ ዋስ ሆኖ ከባንክ ሊያስበድረኝ ነው። ጓደኞቼ ማስተርሳቸውን ጀምረዋል። ምን ይሻለኛል?
ብድር የሰለቸኝ፣ ከልደታ

ልጄ፣ የእናትሽን ዕቁብ አትንኪው። ቀድሞ የደረሰው ሰው እስከ መጨረሻው ዙር ይጥላል፤ ስሙ አማረ እንጂ ያው ብድር ነው። ጓደኞችሽ ጀምረዋል፤ ይጀምሩ።

በእጅሽ ያለውን ገንዘብ ግን ማታ ክፍል አትመዝገቢበት፤ ወጪ መጋራቱን ክፈዪበት። የማኅበሩ ብድር ከደሞዝሽ እየተቆረጠ ራሱን ይጨርሳል። ወጪ መጋራቱ ግን ካልተከፈለ ዋናው ዲግሪ አይሰጥሽም፤ ኦፊሻል ትራንስክሪፕትም ብዙ ጊዜ ያለ ክሊራንስ አይላክም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ተመራቂው ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየከፈለ እንዲጨርስ ያስባል፤ የግል ድርጅት ውስጥ ስትሠሪ ብዙ ጊዜ ቆራጭም አስታዋሽም ስለማይኖር ተረስቶ ይከርማል። በቴምፖ፣ በጊዜያዊው የምስክር ወረቀት፣ ሥራ አግኝተሻል። ስኮላርሺፕ ስታገኚ ግን “ኦፊሻሉ ይላክ” የሚባልበት ቀን ይመጣል፤ ያን ቀን ብር ፍለጋ መሯሯጥ ዕድልን በእጅ መጣል ነው።

ስኮላርሺፕ ያልኩት ለማጽናናት አይደለም። የጀርመኑ ዳአድ ለታዳጊ አገር ባለሙያዎች በሚሰጠው የማስተርስ ዕድል በአብዛኛው ቢያንስ የ2 ዓመት የሥራ ልምድና ከ6 ዓመት ያልበለጠ ዲግሪ ይጠይቃል። አንቺ አራተኛው ላይ ነሽ፤ የቀረሽን ጊዜ ራስሽ ቁጠሪው። የእንግሊዙ ቺቭኒንግ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይፈልጋል፤ ሳይት ላይ ፀሐይ የመታሽ ይህን ያህል ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። ስትጨርሺ ግን አገርሽ ተመልሰሽ 2 ዓመት መቆየት ግዴታሽ ነው። የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስ ከትምህርት ክፍያው ሌላ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል። “ፕሮሰስ እናስጨርስልሽ” የሚል ኤጀንት ብር ሲጠይቅሽ ጥለሽው ሂጂ፤ ለቺቭኒንግ ማመልከቻ ሳንቲም አይከፈልም። በሌላ አገር ገንዘብ መማር ለሰፈርሽ እንግዳ አይደለም፤ እዚያው ልደታ ያለው የሕንፃ ኮሌጅ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1954 ከስዊድን ጋር በትብብር የተቋቋመ ነው።

የሥራ ልምድ ደብዳቤውን ዛሬውኑ ጠይቂ፤ ሥራ ተቋራጭ ቤት ደብዳቤ እንዴት እንደሚጓተት ከእኔ አንቺ ታውቂዋለሽ። “ሳይት መሐንዲስ ሆና ሠርታለች” የሚል አንድ መስመር አይበቃሽም። ከመቼ እስከ መቼ፣ የስንት ፎቅ ሕንፃ፣ በሥርሽ ስንት ሠራተኛ፣ የክፍያ ሰርተፍኬት ያዘጋጀሽው አንቺ ከሆንሽም እሱም ይጻፍ።

ውጭ መሄድ ካልፈለግሽና ነጥብሽ ጥሩ ከሆነ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን የቅጥር ማስታወቂያ ተከታተዪ። በረዳት ምሩቅነት ቀጥረው፣ ደሞዝ እየከፈሉ ማስተርስ ያስተምራሉ። የሚከፈለው በአገልግሎት ዓመታት ነው፤ ውሉን ካፈረስሽ ወጪው ዋስሽ ላይ ይዞራል። ወንድምሽ ዋስ መሆን ካማረው ለዚህ ይፈርም። ውሉን ግን ከመፈረሙ በፊት አብራችሁ አንብቡት፤ በተለይ የዓመታቱን አንቀጽ።

ለእናትሽ “አልማርም” አትበያቸው፤ ይከፋቸዋል። “መጀመሪያ ዋናውን ዲግሪዬን ላውጣ” በያቸው። ሳሎን የሰቀሉት የምረቃ ፎቶ እስካሁን በቴምፖ እንደሆነ የነገርሻቸው አይመስለኝም።