ከስኳር ታማሚ አክስት ለሙሽሪት

ልጄ፣ ባለፈው ቅዳሜ ማቀዝቀዣሽን ስከፍት ከላይ እስከ ታች «ዜሮ» የተጻፈበት የለስላሳ ቆርቆሮ ተደርድሮ አገኘሁ። የጥር ሠርግሽና ቬሎው እንዳስጨነቁሽ ገብቶኛል። እኔ ግን ከስኳር በሽታ ጋር 19 ዓመት ስኖር በስኳር ፈንታ ሻይ ውስጥ የምትጣለዋን ማጣፈጫ ኪኒን ከአንቺ ቀድሜ ለምጃታለሁና ስሚኝ።

1. አመጣጧን እወቂ። እ.ኤ.አ. በ1879 ፋልበርግ የሚባል ኬሚስት ባልቲሞር ውስጥ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ሲሠራ ውሎ፣ እጁን በወጉ ሳይታጠብ ለእራት ተቀመጠ። የቆረሰው ዳቦ ጣፈጠው። ጣቱን ቢልስ እሱም ጣፈጠው። ሳካሪን የተገኘችው እንዲህ ነው። እኛ ቤት ቢሆን ኖሮ ማስታጠቢያው ይቀድመው ስለነበር እስከ ዛሬም ባልተገኘች! አስፓርቴም የሚባለውንም ማጣፈጫ በ1965 ያገኘው ጣቱን የላሰ ሌላ ኬሚስት ነው። አስፓርቴም ከስኳር 200 ጊዜ፣ ሱክራሎዝ 600 ጊዜ ያህል ስለሚጣፍጡ ለአንድ ብርጭቆ ሻይ ቅንጣት ይበቃል። ከወረቀቷ ከረጢት የምታፈሽው ዱቄት አብዛኛው ማብዢያ ነው።

2. ለእኔ የሆነው ለአንቺ ላይሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 2023 ክብደት ለመቆጣጠር ብላችሁ እነዚህን ማጣፈጫዎች አትጠቀሙ ብሎ መክሯል፤ ስቴቪያም አልቀረችም። ምክሩ ድሮውንም ስኳር በሽታ ያለብንን አይመለከትም። በአጭር ጊዜ ሙከራ፣ ስኳሩን ትቶ በእነሱ የተካ ሰው ጥቂት ይቀንሳል። ለዓመታት ሲከታተሉ ግን ተጠቃሚዎቹ ላይ ሁለተኛው ዓይነት ስኳርና የልብ ሕመም በዝቶ ታይቷል። ይህን የሰማ ሁሉ «ኪኒኗ ናት ያመጣችው» ይላል። ሆስፒታል በር ላይ ምርኩዝ የያዘ ሰው ስለበዛ ምርኩዝ እግር ይሰብራል አይባልም፤ ዜሮ የሚጠጣው ብዙ ጊዜ ቀድሞም የወፈረው ነው። ድርጅቱም ይህን ስለሚያውቅ ቃሉን አላጠበቀም።

3. ባለፈው ቅዳሜ ዜሮሽን እየጠጣሽ ሦስት ቦምቦሊኖ በላሽ። ቆጥሬያለሁ። ሦስተኛውን ስታነሺ «ለስላሳው እኮ ስኳር የለውም» አልሽኝ። በአንድ 330 ሚሊ ሊትር ኮላ ውስጥ 35 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ስምንት የሻይ ማንኪያ በይው። እሱን ማስቀረትሽ ቀላል ነገር አልነበረም፤ በሳህን መለስሽው እንጂ።

4. ካንሰሩን በልክ ፍሪ። በሐምሌ 2023 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም አስፓርቴምን «ካንሰር ሊያመጡ ይችሉ ይሆናል» ከሚላቸው መካከል አስገባ፤ የእሬት ሙሉ ቅጠል ጭማቂም እዚያው መዝገብ ላይ አለ። በዚያው ሰሞን የምግብ ተጨማሪዎችን የሚመረምሩት ባለሙያዎች የቀን ጣሪያውን በኪሎ 40 ሚሊ ግራም እንደነበረ ተዉት። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ያንን ለማለፍ አስፓርቴም ያለበት ለስላሳ በቀን ከ9 እስከ 14 ቆርቆሮ በላይ መጠጣት አለበት። አንቺ ሁለት ነው የምትጠጪው፤ ተኚ። ፌኒልኬቶኑሪያ የሚባለው ሕመም ይዞት የተወለደ ሰው ግን አስፓርቴም ፈጽሞ አይነካም።

5. ስኳር አልባ ከረሜላ ታክሲ ውስጥ አትብዪ። እኔ ከመገናኛ ተሳፍሬ ፓኬቱን ጨረስኩት፤ ፒያሳ ሳልደርስ ወራጅ አልኩ። ውስጡ ያለው ማልቲቶል ሆድ ያላቅቃል።

6. ምላስሽን አስለምጂው። ኪኒኗ ስኳሩን ትወስድልሻለች፣ አምሮቱን ግን እዚያው ትተወዋለች። እኔ ሻዬን ከሦስት ማንኪያ ወደ ሁለት፣ ከወራት በኋላ ወደ አንድ አወረድኩት። የመጀመሪያው ሳምንት የታመመ ሰው መድኃኒት ነበር የሚመስለኝ። አሁን በቀረፋና በቅርንፉድ ብቻ እጠጣለሁ፤ ቡናዬንም በጤና አዳም። የጎረቤት ሻይ ሽሮፕ ሆኖብኛል።

7. ይህችን አትርሺብኝ። ያን ቅዳሜ ኢንሱሊኔን ተወግቼ ምሳ ሲዘገይ ላብ አጠመቀኝ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ። አንቺ ደንግጠሽ ሮጠሽ ያመጣሽልኝ ዜሮውን ነው። ስኳሩ የወረደበት ሰው ያንን በባልዲ ቢጠጣ አይነሳም። ግማሽ ብርጭቆ እውነተኛ ለስላሳ ወይም ሦስት ማንኪያ ስኳር በውሃ ነበር የሚያስፈልገኝ፤ እናትሽ ደረሰችልኝ። የፊታችን ቅዳሜ ስለምመጣ ከዜሮዎቹ ኋላ አንድ ባለ ስኳር ጠርሙስ አስቀምጪልኝ።