ከመርጨትዎ በፊት ቅጠሉን ይገልብጡ

የምዕራብ ጎጃሟ ደምበጫ የጓሮ ቲማቲም ባለቤቱን የሚከዳው በነሐሴ ነው። ፍልሰታ ገብቶ ለጾም ወጥ ቲማቲም በሚፈለግበት ሰሞን፣ ትናንት ለምለም የነበረው ተክል ጠዋት ሲያዩት የፈላ ውሃ የፈሰሰበት ይመስላል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ወደ መድኃኒት መሸጫ ይሮጣል፤ «ለቲማቲም የሚሆን» ይላል፤ የሰጡትን ይረጫል። ይህ ምዕራፍ ያን ሩጫ ግማሽ ሰዓት ለማዘግየት የተጻፈ ነው።

በማለዳ፣ ጤዛው ሳይረግፍ ይውጡና ቅጠሉን ገልብጠው ይዩ። ከላይ ውሃ የቋጠረ የሚመስል ጠቆር ያለ ጠባሳ ካለ፣ ከጀርባው ደግሞ በጠባሳው ዳር ዳር ነጭ ሻጋታ ከታየ፣ በተለምዶ ምች ወይም ዋግ የሚባለው ነው። በ1845 እ.ኤ.አ. አየርላንድ ገብቶ ሕዝቧን ለረሃብ የዳረገው የድንች በሽታ ይኸው ነው፤ ድንችና ቲማቲም ዘመዳሞች ስለሆኑ ይጋሩታል። ደምበጫ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናትና ቀዝቃዛው አየርና የማያባራው ካፊያ ለዚህ በሽታ ሠርግና ምላሽ ነው። ድንች አጠገቡ ካለማ መንገዱ አጭር ነው።

ማንኮዜብ የተባለው መድኃኒት የሚጠቅመው ቅጠሉ ሳይያዝ ቀድሞ ሲረጭ ነው። የታመመውን አይፈውስም፤ ዝናብም ያጥበዋል። እንደ ሪዶሚል ያለው ወደ ተክሉ ውስጥ ይዘልቃል፤ ግን ያንኑ ብቻ ደጋግመው ከረጩ በሽታው ይለምደዋል። ከግማሽ በላይ የተያዘ ተክል ላይ ብርዎን አያባክኑ፤ ነቅለው ይቅበሩት።

ጠባሳው ካረጀው የታች ቅጠል የሚጀምር፣ እንደ ዛፍ ጉቶም ክብ በክብ መስመር ያለው ከሆነ ሌላ በሽታ ነው፤ እርምጃው ዘገምተኛ ስለሆነ ጊዜ ይሰጣል። የታች ቅጠሎችን መቁረጥ፣ ተክሉን በእንጨት መደገፍ፣ ጠብታው አፈር እንዳያፈናጥርበት ሥሩን በደረቅ ሣር መጎዝጎዝ ብዙውን ያስቆመዋል።

ልብ የሚሰብረው አጠውልግ ነው። ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ቀትር ላይ ይዝላል፤ ማታ ያገግማል፤ በጥቂት ቀናት ይሞታል። የጠማው ይመስላል። እኔም አንድ ጊዜ ሳምንት ሙሉ ውሃ ሳጠጣው ከርሜ፣ ለካ በሽታውን ለጎረቤቱ ተክል እያደልኩ ነበር። ፍተሻው ቀላል ነው፦ ግንዱን ከሥሩ አጠገብ ይቁረጡ፤ ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጫፉን ነክረው ያቁሙት። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወተት መሳይ ክር ከወረደ ባክቴሪያ ነው። መድኃኒት የለውም፤ የሚሸጥልዎ ካለ አይግዙት። ተክሉን ከነሥሩ ነቅለው ያቃጥሉ፤ መቆፈሪያውን ይጠቡ፤ በዚያ መደብ ላይ ለጥቂት ዓመታት ቲማቲም፣ ድንችም ሆነ ቃሪያ አይትከሉ። በቆሎ ይዝሩበት። በድንች ዘርም ይዛመታልና ዘሩን ከየት እንዳመጡት ያስቡ።

መስከረም አጋምሶ ዝናቡ ሲቋረጥ ደግሞ የፍሬው ቂጥ ጠቁሮ ቆዳ ይመስላል። ይህ ተላላፊ አይደለም። ውሃው አንዴ በዝቶ አንዴ ሲጠፋ ፍሬው ካልሲየም ሳይደርሰው ይቀራል። በምዕራብ ጎጃም ብዙው ቀይ አፈር አሲዳማ መሆኑ ያባብሰዋል፤ ከመትከል በፊት የእርሻ ኖራ መጨመር ይረዳል። አሁን ግን ውሃውን በቀኑና በልኩ ያድርጉት፤ ቀጥሎ የሚያፈራው ይስተካከላል።

በበጋ ቅጠሉን ለፀሐይ ሲያነሡት ብርሃን የሚያሳልፍ ባዶ መስኮት፣ ውስጡም ትንሽ ትል ካዩ በ2012 እ.ኤ.አ. አገራችን የገባው ቱታ አብሶሉታ ነው። ለእሱ የፈንገስ መድኃኒት ምንም አይሠራም።

ረጭተው ከሆነ ደግሞ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ቀን ሳያልቅ አይልቀሙ፤ ሳያጥቡም አይብሉ።