የክረምት ንባቤ፦ ከአሥራ ሁለት ወደ ሦስት



አምና ግቢ ሲዘጋ የአሥራ ሁለት መጻሕፍት ዝርዝር ይዤ አገር ቤት ገባሁ። መስከረም ሲጠባ የጨረስኩት አንድ ነበር። ዘንድሮ ሦስት ብቻ ይዣለሁ፤ ልብ ወለድ የለባቸውም።

የመጀመሪያው የታሪክ ምሁሩ ሑሴን አሕመድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ ስለነበረው እስልምና በእንግሊዝኛ የጻፉት፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው ነው። ስለ አንዳሉስ ሲወራ አፌ አይያዝም፤ አያቴ «ጀማ ንጉሥ»፣ «ዳና» ስትል ግን ተረት ይመስለኝ ነበር። መጽሐፉን ገለጥ ሳደርገው ሁለቱም የኢልም ማዕከላት ሆነው አገኘኋቸው። ጸሐፊው የዐረብኛ የእጅ ጽሑፎችን አገላብጠው፣ ሽማግሌዎችን ጠይቀው ነው የሠሩት። እኔም ደብተር ይዤ አያቴ ዘንድ እቀመጣለሁ፤ ሰማንያ አልፏታልና ለከርሞ ማሳደር አልፈልግም።

ሁለተኛው የኢብን ኸልዱን ሙቀዲማ ነው። ሙሉውን አልሞክረውም (ራሴን አውቃለሁ)፤ መግቢያውን ብቻ። እዚያ ላይ የነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) ሠራዊት ስድስት መቶ ሺህና ከዚያ በላይ ነበር የሚለውን የነመስዑዲን ወሬ ያነሣና፣ ይህን ያህል ሰው የት ተሰልፎ ይዋጋል? አገሩስ ይችለዋል ወይ? ብሎ ይመረምራል። ቴሌግራም ላይ የደረሰንን ሁሉ ሳናጣራ ሼር ለምናደርግ ለእኛ የተጻፈ ይመስላል።

ሦስተኛው የማልኮም ኤክስ ግለ ታሪክ ነው። እስር ቤት ሆኖ መዝገበ ቃላቱን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በእጁ ይገለብጥ፣ መብራት ሲጠፋም በኮሪደሩ ብርሃን ያነብ ነበር።

ሙቀዲማን በዐረብኛው የሚያነብ ወንድም ወይም የምታነብ እህት ካለች፣ ኢንሻአላህ መስከረም ላይ ከዙህር በኋላ አብረን እንቀመጥ።